የተጣፈው መጣፍ



ጠረጴዛው ላይ የዘረጋሁት ጨርቅ ከኋላ ለተቀመጣችሁት ላይታያችሁ ስለሚችል ልንገራችሁ፤ ድሪቶ ነው። የእናቴ ድሪቶ። እራፊዎቹን ስቆጥር 43 ላይ ደርሻለሁ። አንዱ በአንዱ ላይ ስለተደረበ ከሥር ያሉትን ሳይተረትሩ መቁጠር አይቻልም፤ መተርተር ደግሞ አልፈልግም።

ድሪቶ በእኛ አፍ ለስድብ የቀረበ ቃል ነው። ያጣ የነጣ ሰው ልብስ ነው። ከባሕታዊ በቀር ለብሶት አደባባይ የሚወጣ የለም። እኔም ልጅ ሳለሁ እንግዳ ሲመጣ ከመደቡ ላይ አንሥቼ ከጎታው ጀርባ እወሽቀው ነበር። እናቴ አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። እንግዳው ሲሸኝ ራሷ ሄዳ ታወጣዋለች፣ አራግፋ መልሳ ታነጥፈዋለች። ያን ዝምታዋን ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ታሪክ ሳስተምር 35 ዓመት ኖሬ በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። ብዙዎቻችሁ የመቅደላን ነገር ከእኔ ነው የተማራችሁት። ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ እንዴት ከጋፋት ተነሥቶ በሰው ትከሻና በገመድ ጅጣን ወርዶ እንደወጣ፣ በዚህ በእኛ በደላንታ ሜዳ አልፎ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ አምባ ላይ እንደደረሰ በሰሌዳው ላይ ካርታ እየሣልሁ አሳይቻችኋለሁ። መድፉን አስተምሬያለሁ፣ መንገዱን አስተምሬያለሁ፣ የሞቱትን መኳንንት ስም አስጽፌያለሁ። በ35 ዓመት ውስጥ ግን ስለ ጨርቅ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣም። ዛሬ የመጣሁት ያን ጉድለቴን ለመሙላት ነው።

የእኔ ነገር የጀመረው ጡረታ በወጣሁበት ዓመት፣ ጊዜ ሲተርፈኝ፣ ቀድሞ ለፈተና ስል ገረፍ ገረፍ አድርጌ ያለፍኋቸውን መጻሕፍት እንደገና ሳነብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ። የእንግሊዝ ጦር አምባውን በረበረ፤ የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጭምር። የተዘረፈው በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ በሽሎን ተሻገረ። ወዴት መጣ? ወደዚህ። ወደ ደላንታ ሜዳ። ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን፣ ሁለት ቀን ሙሉ፣ እዚህ እኛ ገብስ በምንዘራበትና በግ በምናሰማራበት ምድር ላይ ሐራጅ ቆመ። ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀል፣ ብራና፣ ካባ፣ መጋረጃ ለጨረታ ቀረበ። የተገኘው ገንዘብ 5,000 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከገዢዎቹ ዋነኛው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር፤ ከጦሩ ጋር የዘመተ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው፣ በሙዚየሙ ገንዘብ የሚገዛ።

ይህን ሐራጅ አውቀው ነበር። በማስታወሻዬ ላይ አንድ መስመር ይዟል። የማላውቀው ከተወሰደው ውስጥ ምን ያህሉ ከፈትል የተሠራ እንደሆነ ነው።

ከመቅደላ ከሄዱት አንዱ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ያለ የሐር መጋረጃ ነው። የጎንደር ዘመን ሥራ ነው፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን። የቤተ መቅደስ መጋረጃ ነበር ይባላል። የዚሁ ዓይነት ሌላ መጋረጃ በካናዳ፣ በቶሮንቶው የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። ሐሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ አሠራሩ ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ዘዴ ነው። ትንንሽ አራት ማዕዘን ካርዶች በየማዕዘናቸው ይበሳሉ፤ ክሩ በየቀዳዳው ያልፋል፤ ካርዱ በዞረ ቁጥር ክሩ ይገመዳል፤ በተገመደው መካከል ማጉ ይገባል። በዚህ ዘዴ መቀነትና ጠርዝ የሚሠራ ሕዝብ በዓለም ላይ ብዙ ነው። ግድግዳ የሚሸፍን መጋረጃ የሠራ ግን ጥቂት ነው፤ ይኸኛው በዚህ ዘዴ ከተሠሩት የዓለም ጨርቆች ሁሉ ከትልቆቹ አንዱ ነው። በላዩም ሰዎች አሉበት። ብዙ ሊቃውንት ዐፄ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ ናቸው ይላሉ። እነዚህ ሰዎች በቀለም አልተሣሉም፤ በክር አዟዟር ብቻ ከጨርቁ ውስጥ የወጡ ናቸው። ሠሪው ገና ካርዱን ሳያዞር ንጉሡ የት እንደሚቆም፣ ዘውዱ ስንት ዙር ላይ እንደሚያልቅ በልቡ ቆጥሮ ጨርሷል።

የዚያ ቆጣሪ ስም የለንም። ንጉሡን እናውቃለን፣ ንግሥቲቱን እናውቃለን፣ በእጁ ያወጣቸውን ሰው አናውቅም።

ሁለተኛው ጨርቅ ቀሚስ ነው። ነጭ የጥጥ ቀሚስ፣ በሐር የተጠለፈ፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው ተብሎ በለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል። በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ለሕዝብ ታይቶ ነበር። ጥሩወርቅ ባላቸው በሞቱ በወሩ ገደማ፣ ልጃቸውን ዓለማየሁን ይዘው ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ ዐረፉ። ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ባለቤቲቱ ጨለቆት ቀሩ፣ ቀሚሳቸው ለንደን ገባ። የዚህን ቀሚስ ፎቶ ሳይ የአንገቱ ጥልፍ ላይ ዓይኔ ተተከለ፤ እናቴን አስታወሰኝ። እናቴም የጥልፍ ቀሚስ ነበራት። የት እንደገባ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ታናሽ እኅቷ ግን አለች፤ ከ80 ዓመት በላይ ሆኗታል፣ እቴቴ ነው የምንላት። ሳጥኑን ከፍቼ ድሪቶውን አወጣሁና ወሰድሁላት። «እቴቴ፣ የእማዬ የጥልፍ ቀሚስ የት ገባ?» አልኋት። መልስ አልሰጠችኝም። ድሪቶውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጣቷ መዳሰስ ጀመረች። ዓይኗ ደክሟል፤ እጇ ግን ያያል። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመችና «ይኸው፣ እዚህ ነው የገባ» አለችኝ።

ቀርቤ አየሁት። ሸካራ ነጭ እራፊ ነው፣ የመዳፍ ያህል። ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ጥላቸው ቀርቶበታል፤ አንደኛው በስፌቱ ተቆርጧል። በ1977ቱ ድርቅ የእርዳታ ስንዴ የመጣበት ከረጢት ነው። እናቴ የጥልፍ ቀሚሷን በዚያ ዓመት ለጥቂት ቁና እህል ሸጠችው። እህሉ አለቀ። በኋላ እርዳታው ሲደርስ የስንዴውን ከረጢት በአመድ ውኃ ደጋግማ አጥባ ቆርጣ ጣፈችው። «ቀሚሱ ስለወጣ ይኼ ይግባ አለች» አለችኝ እቴቴ፤ ሌላ ማብራሪያ አልጨመረችም።

ስለ 77 ድርቅ ክፍል ውስጥ ብዙ ብያለሁ። ዓመተ ምሕረት፣ የወረዳ ስም፣ መንስኤ፣ ውጤት አስጽፌያለሁ፤ ለፈተናም አውጥቼዋለሁ። እኔ ራሴ ያኔ የ25 ዓመት ሴት ነበርሁ፤ ከከረጢቱም ስንዴ በልቻለሁ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ያቺን የመዳፍ ያህል ጨርቅ ስነካ ነው 77ን ያወቅሁት።

እቴቴ ማንበቧን ቀጠለች። ማንበብ ነው የምለው፤ ሌላ ቃል የለኝም። ይህ ቀይ ጥለት የአያቴ ነጠላ ነው። አያቴ ባሏ ሞቶባት ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰችበት፣ ኀዘኑ ካለቀ በኋላም መልሳ ለደስታ ያላዋለችው። ይህ ጥቁር የአጎቴ ኮት ገበር ነው። ይኼ ግራጫው ባና ነው፤ ከቤታችን በጎች ፀጉር እናቴ የፈተለችው። የደላንታን ውርጭ የምታውቁ ሰዎች ጥጥ ብቻውን እንደማይበቃ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከሥር ባና፣ ከላይ እራፊ ሆነ። ራስጌው ላይ ደግሞ ካኪ አለ። የታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ቁምጣ ነው። በ1969 ዓ.ም. ወደ ኦጋዴን ዘመተ፤ አልተመለሰም። አስከሬን አልመጣም፣ ደብዳቤም አልደረሰን። እናቴ ቁምጣውን ከራስጌ ጣፈችውና ጉንጯን እዚያ ላይ አሳርፋ ኖረች። ከጎታ ጀርባ የምወሽቀውን ጨርቅ ነው የምነግራችሁ። በኋላም ደመወዝተኛ ስሆን «ይኼን ጣዪው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ገዝቼልሻለሁ» ያልኋት እኔ ነኝ። ብርድ ልብሱን ለእንግዳ አስቀመጠችው።

በቋንቋችን አንድ ነገር አለ። ጻፈ የሚለውን ቃል በአፋችን ጣፈ እንላለን። መጽሐፍን የቀድሞ ሰዎች መጣፍ ይሉታል። በተቀደደ ልብስ ላይ እራፊ ደርቦ መስፋትም መጣፍ ነው። የቃላቱ ሥር ይለያይ ይሆናል፤ ያን ለቋንቋ መምህራን እተወዋለሁ። እቴቴን ግን «እማዬ ፊደል ሳትቆጥር ሞተች» ስላት «ምን አልቆጠረችም፣ ይኸው ጥፋዋለች» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴን መሃይም ብዬ አላውቅም።

እንዝርት የያዝሁት በ61 ዓመቴ ነው። ለምን ቀድሜ አልያዝሁም? እናቴ ከልክላኝ ነው። «ፈትሉን ተይው፣ አንቺ ደብተርሽን ያዥ» ትለኝ ነበር። የደብተሩ መግዣ የሚመጣው ግን ከእሷ ፈትል ነው። ትክክል ነበረች፤ ዛሬም ልጃገረዶቻችንን ከትምህርት ቤት አውጥተን እንዝርት እናስይዝ የሚል ካለ የመጀመሪያዋ ተቃዋሚ እኔ ነኝ። ነገር ግን ትምህርቱን ከያዝን በኋላ ተመልሰን መጠየቅ እንችል ነበር። አልተመለስንም።

ፈትል ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጥጥ በእኛ ደጋ አይበቅልም፤ ከቆላ በገበያ ይመጣል። መጀመሪያ ፍሬው በመዳመጫ ይለያል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፤ ደጋኑ ሲመታ ቤቱ ውስጥ ድምፁ ልብ እንደመምታት ነው። የተነደፈው ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። አመልማሎውን በግራ እጅ ይዞ እንዝርቱን ጭን ላይ ሾር አድርጎ መልቀቅ ነው። የእኔ ክር አንድ ክንድ ሳይሞላ ይበጠሳል፣ ካልተበጠሰም አንጓ አንጓ ይሠራል። እቴቴ እጄን እያየች «አትጎትችው፣ ተይው ይዙር፤ ሲጠግብ ራሱ ይሰጥሻል» ትለኛለች። አንዲት ልቃቂት ለመሙላት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ለአንድ ጋቢ ስንት ልቃቂት እንደሚገባ እናንተው አስቡት። እናቴ ያን ሁሉ የፈተለችው ወጥ ከሠራች፣ ውኃ ከቀዳች፣ ልጅ ካስተኛች በኋላ፣ በኩራዝ ብርሃን ነው።

አሁን የራሴን ድሪቶ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው እራፊ የማስተማሪያ ጋዋኔ ኪስ ነው፤ ጠመኔው አልለቀቀም፣ እንዲለቅም አላጠብሁትም። ሁለተኛው የልጄ የጥምቀት ቀሚስ ጠርዝ ነው። ስፌቴ ጠማማ ነው፤ ቢሆንም መሄዱን አላቋረጠም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳልሆነም አንብቤ አወቅሁ። በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1837 በባርነት የተወለደች ሃሪየት ፓወርስ የምትባል ጥቁር ሴት ነበረች። ባርነት ከቀረ በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በእራፊ ጨርቅ ቆርጣ በትልቅ የአልጋ ልብስ ላይ ሰፋች፤ በ11 ክፍል። አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል፣ የያዕቆብ መሰላል፣ የጌታ ጥምቀት፣ ስቅለቱ፣ ይሁዳ ከ30 ብሩ ጋር። እኛ በየደብሩ ግድግዳ ላይ የምናውቀውን ታሪክ እሷ ብርድ ልብስ ላይ አሰፈረችው። በ1886 በአንድ የጥጥ ትርኢት ላይ ስታቀርበው አንዲት የሥዕል መምህርት ልግዛው አለቻት፤ እምቢ አለች። በ1891 ሲቸግራት በ10 ዶላር አቀረበችው፣ በ5 ዶላር ሸጠችው። ከሸጠችው በኋላም ልታየው ተመላልሳ ሄዳለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የያዘኝ ገዢዋ ያደረገችው ነገር ነው። ሃሪየት ጨርቁን ስትሰጣት እያንዳንዱ ሥዕል ምን እንደሆነ ነገረቻት፤ ገዢዋም ቁጭ ብላ ጻፈችው። ያ ወረቀት ስለተጻፈ ዛሬ ጨርቁ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ከነሠሪዋ ስም፣ ከነትርጉሙ ይታያል። የእኛ መጋረጃ ከሃሪየት ብርድ ልብስ ከመቶ ዓመት በላይ የሚቀድም ነው፤ በሥራም ቢሆን አያንስም። የጠፋው አጠገቡ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ነው።

ለምን አልጻፍንም ብንል፣ ሠሪውን ስለናቅን ነው። ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ ስንል የኖርን ሕዝብ ነን፤ የለበስነውን ወድደን ያለበሰንን ንቀናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር ቢሰድ ነው! አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን አልጠፋም። ፈታይዋ ደግሞ ስድቡም አልደረሳት፤ ሥራዋ ከቤት ሥራ ተቆጥሮ ስም እንኳ አላገኘም። አሁን አሁን የሚለወጥ ነገር አለ። በአዲስ አበባ የዞማ ሙዚየምን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ክርና ቁልፍ በሸራ ላይ እየሰፋ በሠራው ሥራ ዓለም አውቆታል። ሰዎች መርፌና ክሩን ከሥዕል ቆጥረው ቆመው ያዩታል። መደባችን ላይ ላለው ግን ገና አልቆምንም።

እዚህ ያላችሁ ወጣቶች ከደላንታ ገደል የምታወጡት ኦፓል ባሕር ተሻግሮ ስማችንን አስጠርቷል። ድንጋዩን ከተራራው ሆድ ለማውጣት ሕይወታችሁን ታስይዛላችሁ። በየቤታችሁ ሳጥን ውስጥ ያለውን ለማውጣት የሚያስፈልገው አንድ ምሽት ነው። አሮጌ የጥልፍ ቀሚስና አሮጌ ባና እየዞሩ የሚገዙ ነጋዴዎች መኖራቸውን ታውቃላችሁ። የቸገረው ይሽጥ፤ እናቴም ሸጣለች፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ከመሸጣችሁ በፊት ግን ማን እንደፈተለው፣ ማን እንደጠለፈው፣ ለማን ሠርግና ለማን ለቅሶ እንደተለበሰ ጠይቃችሁ ጻፉት። ደላንታ ላይ አንድ ጊዜ ሐራጅ ቆሟል፤ ያኔ ስም የጻፈ አልነበረም።

ካህናት አባቶችም አላችሁ። በየደብሩ ዕቃ ቤት፣ ከዚህ እስከ ላስታ፣ አሮጌ መጋረጃና አሮጌ ካባ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሰጪዋ ማን እንደሆነች፣ በምን ስለት እንዳገባችው የሚያውቁት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ በመዝገብ ይስፈር። አዲስ መጋረጃ በመጣ ቁጥር አሮጌው አይቃጠል፣ እባካችሁ።

ለመምህራን የምለው አጭር ነው። ሚያዝያ 6ን ስታስተምሩ ሚያዝያ 13ንም አስተምሩ፤ ከመድፉ ቀጥሎ መጋረጃውንም፣ ቀሚሱንም ንገሯቸው። ልጆቹን ወደ ሜዳው አውጧቸው፤ ከክፍላችሁ መስኮት ይታያል።

እኔ ዘግይቼ ነው የነቃሁት። ከ43ቱ እራፊ እቴቴ ያነበበችልኝ 29ኙን ነው፤ በደብተር ላይ በቁጥር አስፍሬዋለሁ። የቀሩትን 14 እሷም አላወቀቻቸውም፤ እናቴ ይዛቸው ሄዳለች። ቀድሜ፣ እናቴ በሕይወት ሳለች፣ አጠገቧ ተቀምጬ ቢሆን 43ቱንም ባወቅሁ።

ከመጪው እሑድ ጀምሮ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የእኔ ቤት ክፍት ነው። ልቃቂት ያላችሁ ልቃቂታችሁን፣ ድሪቶ ያላችሁ ድሪቶአችሁን፣ ከሁሉ በላይ ግን እናታችሁን ወይም አያታችሁን ይዛችሁ ኑ። ቡና ይፈላል። ደብተር፣ መርፌና ክር እኔ ጋ አለ።